ኮሌጁ የማን ነው?

የአንድ ኅብረተሰብ የትምህርት ሥርዓት የሚመዘነው ምርጥ የተባሉትን ጥቂቶች የት እንዳደረሰ በመቁጠር ብቻ አይደለም። ከዋናው በር ውጭ የቀሩትን ብዙኃን በየትኛው በር እንደተቀበላቸው፣ ከተቀበላቸውም በኋላ እንደ እንግዳ ወይስ እንደ ቤተኛ እንደሚያያቸው ጭምር መመርመር ይገባል። የሙያ ኮሌጆቻችን ጉዳይም ከዚህ መሠረታዊ ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት ጥቂት አኀዞች ይበቃሉ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመውሰድ ከተቀመጡት ወደ 9 መቶ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ በመቶኛ ሲሰላ 3.3 መሆኑ ነው። ቀጥሎ በተሰጠው ፈተና አኀዙ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኗል። እርግጥ ነው፣ ከቀሩት መካከል ከፊሎቹ በሬሜዲያል መርሐ ግብር አማካይነት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ተደርጓል። የሚበዛው ወጣት ግን በሩ ተዘግቶበት ቆሞ ይታያል። ይህ ወጣት የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነው። የእናንተ የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና የሠራተኞች ልጅ ነው።

ከዚያ በር የተመለሰው ወጣት ከፊቱ የሚያገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ፣ በየካና ከሁለቱ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ምሥራቅ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅንና በየአካባቢያቸው ያሉትን መሰል ተቋማት በሚገባ ያውቋቸዋል። ጥያቄው ኮሌጁ መኖሩ አይደለም። ጥያቄው ኮሌጁ የማን ነው የሚለው ነው። የሚያስተዳድረው ቢሮ ነውን? ባለሙያ የሚፈልገው ፋብሪካ ነውን? ወይስ በየማለዳው በሩን አልፎ የሚገባው ሠልጣኝና ዙሪያውን የከበበው ነዋሪ?

የንቀቱ ምንጭ

ሙያን የመናቅ ልማድ በአገራችን ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው ስም መስደብ ሥር የሰደደ በደል ስለ ነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ስድቡን ከአደባባይ ቢያርቀውም ከቤት ውስጥ አላስወጣውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በብዙ አካባቢዎች ባለ እጁ የርስት ባለመብት አልነበረም። መሬት የሌለው ሰው በአዋጅ ብቻ አይከበርም። የንቀቱ ሥር በአንደበት ላይ ሳይሆን በኑሮ ላይ የበቀለ ነበርና።

ዛሬ የድሮዎቹ ስድቦች እየጠፉ ቢሄዱም በቦታቸው ሌላ ቃል ተተክቷል። እርሱም «የወደቀ» የሚለው ነው። ወደ ሙያ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ሊማር መረጠ አይባልም፤ ፈተና ስለ ወደቀ ሄደ ይባላል። እናት ለጎረቤት ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አባት ነገሩን ጊዜያዊ ማረፊያ አስመስሎ ያቀርበዋል። ወጣቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮሌጁን እንደ ቅጣት ቦታ አድርጎ ማየት ይለምዳል። የቅጣት ቦታን የራሱ ቤት አድርጎ የሚያይ ሰው ደግሞ የለም።

ይህ አመለካከት መሠረት የሌለው መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹም ሆኑ የጥገና ባለሙያዎቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በቦሌ የጥገና ማዕከል የአውሮፕላን ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ተቋሙ የሌሎች አገሮችን አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ጭምር ይጠግናል። ይህን ባለሙያ «የወደቀ» ብሎ የሚጠራው ማንም የለም። እናት ስለ እርሱ ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ይላል። ልብ በሉ! እጁ ዘይት የነካው ሰው ነው። ቁልፍ ይዞ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ነው። በመሠረቱ በገርጂ ጋራዥ ውስጥ ከሚሠራው ወንድሙ የሚለየው በሥራው ባሕርይ አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ተገናኝተዋል። በመጀመሪያ፣ የሥልጠናው መለኪያ የታወቀና የማይደራደሩበት ነው፤ ያልተካነ እጅ አውሮፕላን አይነካም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሠልጣኙ የሚማረው በሥራ ላይ ባለው መሣሪያ እንጂ በሥዕል አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ሥልጠናው ሲያበቃ ወዴት እንደሚያመራ ይታወቃል። ክብር ከነዚህ ከሦስቱ ውሕደት የሚወለድ ውጤት ነው። ስለዚህ የሙያ ኮሌጆችን ክብር በመፈክርና በምረቃ ቀን ንግግር ለማሳደግ መሞከር ፍሬውን ሳይተክሉ ለመልቀም እንደ መሞከር ይቆጠራል።

ቤተኛነት በተግባር

ሠልጣኙ በኮሌጁ ውስጥ ቤተኛ እንዲሆን ያስፈልጋል ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ የስሜት ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። ዘፈን፣ ቲሸርት፣ የስፖርት ውድድርና የመግቢያ ቀን ዝግጅት ይታሰባል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የነገሩ እምብርት አይደሉም። ቤተኛ ማለት በቤቱ ውስጥ የሚሠራ፣ የሚጠይቅና የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። እንግዳ ይስተናገዳል፤ ቤተኛ ግን ጓዳ ይገባል።

በዚህ መለኪያ ወርክሾፑን እንመልከተው። አንድ የብረት መቅረጫ መኪና ባለበት ክፍል ሃያ ሠልጣኞች ከቆሙ አንዱ ሠሪ፣ አሥራ ዘጠኙ ተመልካች ይሆናሉ። ተመልካች በሚታየው ነገር ላይ ባለቤትነት አይሰማውም። ለብየዳ ሥልጠና የተመዘገበች ልጃገረድ የሥራ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል ከሌላት፣ የተሰጣት ጓንትም ለወንድ እጅ የተሰፋ ከሆነ፣ በማንም አንደበት ሳይነገራት ቦታው የእርስዋ እንዳልሆነ ተነግሯታል። አካል ጉዳተኛው ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣበት መንገድ ከሌለው በመመዝገቢያው ላይ ስሙ መስፈሩ ትርጉም የለውም። ዕቃው፣ በሩና ደረጃው ሁሉ ይናገራሉ። ማንን እንደሚጠብቁና ማንን እንዳልጠበቁ ይናገራሉ።

የሠልጣኞች መማክርት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሠልጣኞች በስብሰባ ላይ ወንበር ለመሙላት ብቻ የሚጠሩ ከሆነ መማክርቱ ጌጥ ነው። በአንጻሩ ወርክሾፑ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ይሁን፣ የተሰበረ መሣሪያ በስንት ቀን ይጠገን፣ በፋብሪካ ልምምድ ላይ የተበደለ ሠልጣኝ አቤቱታው በማን ይታይ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ድምፁ የሚቆጠር ከሆነ፣ ዜግነትን በመጽሐፍ ሳይሆን በተግባር ይማርበታል። ስለ ዴሞክራሲ ሰፊ ትምህርት የሚሰጥ፣ ነገር ግን ስለ አንድ ሳጥን ኤሌክትሮድ አያያዝ የሠልጣኙን ሐሳብ የማይሰማ ኮሌጅ ያስተማረውን መልሶ ይሽረዋል።

ፍትሐዊነት ከበሩ በኋላ

ከሁሉም ይበልጥ ሊሰመርበት የሚገባው የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው። እኩል በር መክፈትና እኩል ዕድል መስጠት አንድ አይደሉም። ለጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ከመቶ 30ው ለሴቶች ተለይቶ እንዲወጣ መደረጉ ተገቢ ነበር። ዕጣ የወጣላት ሴት ግን ቅድመ ክፍያውን ከየት ታገኛለች የሚለው ጥያቄ መልስ እስካላገኘ ድረስ ፍትሑ ጎዶሎ ነው። በኮሌጁም እንዲሁ ነው፤ የሴቶች የመግቢያ ድርሻ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስንቶቹ ጨረሱ ብሎ መጠየቅ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ከተማችን ወደ ምሥራቅ እየሰፋች ሄዳለች። ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆነዋል። ከመሐል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሡ፣ ዕጣ የደረሳቸው፣ የተከራዩ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቤቱ ተገኝቷል፤ ሥራውና ኮሌጁ ግን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር አብረው አልሄዱም። ከየካ አባዶ ተነሥቶ መገናኛ ለመድረስ ታክሲ የሚለዋውጥ ወጣት ሥልጠናው በነፃ ቢሰጠው እንኳ መንገዱ ነፃ አይደለም። በወሩ መጨረሻ ላይ የታክሲ ሒሳብ ከቤት ሲታጣ የሚቀረው ሠልጣኝ በመዝገብ ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። አቋርጦ ሳይሆን ተቋርጦበት መሆኑን መዝገቡ አይናገርም።

የምሳውም ነገር ከዚህ ያነሰ አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት የተዘረጋው የምገባ መርሐ ግብር የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታድጓል። የመርሐ ግብሩን ትክክለኛነት ያሳየው ዋናው ቁም ነገር የራበው ልጅ አይማርም የሚለው ነው። ታዲያ ይኸው ልጅ አድጎ ብረት ሲያነሣና ከኤሌክትሪክ ጋር ሲታገል ረሃብ አይጎዳውም የሚል ማን ነው? በብየዳ ክፍል ውስጥ ራሱን የሚያዞረው ሠልጣኝ ከትምህርት ወደ ኋላ ከመቅረቱም በላይ አደጋ ላይ ነው።

ሌላው የተረሳ ወገን ሠራተኛው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ሰዓት የሚሠራ ሰው በቀን ሥልጠና ሊገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ የማታና የእሑድ ሥልጠና ለኮሌጁ ተጨማሪ ገቢ ማግኛ ሳይሆን ለሠራተኛው ዋናው በር ሊሆን ይገባል። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዚያ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ውስጥ የተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው በአካባቢው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከጥር 2022 መባቻ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ባቋረጠች ጊዜ ጉዳቱ በቅድሚያ ያረፈው በእነዚህ ሠራተኞች ላይ ነው። ዓመታት ሙሉ አንድን ኪስ ወይም አንድን ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ የኖረች ሠራተኛ ፋብሪካው ሲዘጋ ሙያ አላት ማለት ያስቸግራል። ያላት የአንድ ሙያ ቁራጭ ነው። ሙሉውን ልብስ መቅደድ፣ መስፋትና ዋጋ ማውጣት በማታ ሥልጠና የተማረች ሠራተኛ ግን የፋብሪካው በር ቢዘጋ በራስዋ እጅ በር ትከፍታለች። ሩቅ አገር የተወሰነ ውሳኔ እንጀራዋን እንዳይነጥቃት የሚጠብቃት ይህ ነው።

በትእዛዝ የሚመጣ ተሳትፎና ገደቡ

የዜግነት ተሳትፎ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ተማሪ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ሄዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቆ በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። በዚያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት መማሪያ ቦታ በማዘጋጀትና ነዋሪውን በመመዝገብ የሠሩት ሥራ በብዙ አዛውንቶች ትውስታ ውስጥ አለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርቶችን መቅሰም ይቻላል። አንደኛው ተማሪውና ነዋሪው ሲገናኙ ከፍ ያለ ኃይል እንደሚፈጥሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተሳትፎ በትእዛዝ ብቻ ሲመጣ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። በ1967ቱ ዘመቻ ብዙ ወጣቶች ከአካባቢ ባለሥልጣናትና ከባለርስቶች ጋር ተጋጭተዋል፤ ጣቢያቸውን ጥለው የሄዱ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ነበሩ። የዘመቻው ዓላማ ከላይ ተወስኖ የወረደ እንጂ ዘማቹ የመከረበት አልነበረምና በእርሱና በአዛዡ መካከል የነበረው ልዩነት ውሎ አድሮ ገደል ሆነ። ፊደል የቆጠረው ገበሬም የሚያነበው መጽሐፍና ጋዜጣ ባጣበት ስፍራ ፊደሉ ቀስ በቀስ ከእጁ አመለጠ። ያልተመከረበት አገልግሎት ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ሥራም ጠባቂ የለውም።

ዛሬም በየክረምቱ በከተማችን የበጎ ፈቃድ ሥራ ይካሄዳል። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል። የሙያ ሠልጣኞችም ይጠራሉ። መጠራታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ወገኖች «የኮሌጅ ሥራ ሙያ ማስተማር እንጂ ሠልጣኝን ለሰፈር ሥራ ማሰለፍ አይደለም» ሲሉ ይደመጣሉ፤ ይህም አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሠልጣኙ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተደርጎ በዚያው ሥራ ይተዳደር የነበረው ግንበኛ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ካጣ አገልግሎቱ በበጎ ስም የሚፈጸም በደል ይሆናል። ሠልጣኙ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆኖ ሳለ አካፋ ብቻ ከተሰጠው ደግሞ ሙያው ሳይሆን ጉልበቱ ብቻ ነው የተፈለገው።

ስለሆነም አገልግሎቱ አራት መሠረታዊ ሁኔታዎችን ማሟላት ይኖርበታል። ሥራው ከሠልጣኙ ሙያ ጋር የተያያዘና በሥልጠና ሰዓትነት የሚመዘገብ ይሁን። መምህሩ በቦታው ይገኝ፤ የአደጋ መከላከያ ዕቃም ይሟላ። ከፍሎ ማሠራት ለማይችል ነዋሪ እንጂ ለሚችል ድርጅት አይዋል። ከሁሉም በላይ ምን እንደሚሠራ ሠልጣኞቹና ነዋሪዎቹ አንድ ላይ መክረው ይወስኑ። እነዚህ ከተሟሉ የአንዲት አሮጊት ቤት የኤሌክትሪክ መስመር መጠገን የሙያ ፈተናም፣ የዜግነት ትምህርትም ይሆናል።

የሌሎች ልምድ

በዓለም ላይ ይህን መንገድ ቀድመው የሞከሩ አሉ። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1844 የተከፈተው የመጀመሪያው የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገበሬ ልጆች በአገራቸው ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ለማዘጋጀት የታሰበ ነበር። በአሜሪካ በፕሬዚዳንት ትሩማን የተሰየመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 በየአካባቢው የሚቋቋሙ የማኅበረሰብ ኮሌጆች እንዲስፋፉ ባሳሰበ ጊዜ ኮሌጁ ከሰፈሩ ሰው ኑሮ ጋር የተሳሰረ እንዲሆን ጠይቋል። ሆኖም በዚያ አገር ከበሩ የሚገባው ብዙ፣ ጨርሶ የሚወጣው ግን ጥቂት መሆኑ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ችግር ነው። ከጀርመን የተወሰደው፣ ሠልጣኙ ጊዜውን ለኮሌጁና ለድርጅቱ የሚያካፍልበት የትብብር ሥልጠናም በእኛ ኮሌጆች ውስጥ ገብቷል። በጀርመን ግን ይህ ሥርዓት የቆመው አሠሪውና የሠራተኛው ማኅበር ሁለቱም ስለ ሥልጠናው ይዘት በሚመክሩበት መድረክ ላይ ነው። እኛ ሥርዓቱን ስንወስድ መድረኩን ወደ ኋላ ትተነው እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። የሠራተኛው ማኅበር በሌለበት የትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ ርካሽ ጉልበት ሆኖ የመቅረቱ አደጋ ሁልጊዜ አለ።

የማኅበራት ድርሻ

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ለኮሌጁ አስተዳደር ብቻ የሚተው አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ በአንድ ተቋም ጫንቃ ላይ የከበደው ሥራ ሲከፋፈሉት ይቀላል።

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋሙ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበራት በየብሎኩ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ የተበላሸ የውኃ መግፊያና የተጋለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ከኮሌጁ ጋር በጽሑፍ ተስማምተው የዕቃውን፣ የመጓጓዣውንና የምሳውን ወጪ ቢችሉ፣ ሥራው በመምህር መሪነት ቢከናወን፣ ነዋሪው ጥገና፣ ሠልጣኙ ልምድ ያገኛል። እድሮችም ቢሆኑ ለቀብር ብቻ አልተቋቋሙም፤ የታክሲ ሒሳብ አጥቶ ሥልጠናውን ሊያቋርጥ የተቃረበውን የአባላቸውን ልጅ ከማንም ቀድመው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ከአዲሶቹ መንደሮች ነዋሪ ብዙው ገና እርስ በርሱ ያልተዋወቀ በመሆኑም እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛል።

የሠራተኛ ማኅበራት ድርሻ ከሁሉም የላቀ ነው። ከአሠሪው ጋር በሚፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥልጠናም አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ። የማታ ሥልጠና ያለባት ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳትገደድ፣ በምዘና የተረጋገጠ የሙያ ደረጃዋ በደመወዝዋ ላይ እንዲታይ፣ ለልምምድ የሚመጡ ሠልጣኞችም በቋሚ ሠራተኛ ቦታ እንዳይተኩ ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ሰፍረው ካልተፈረሙ በቃል የተሰጠ ተስፋ ዓመት አይሞላውም።

ኮሌጁም በበኩሉ በሩን መክፈት አለበት። በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ የነዋሪዎች፣ የሠራተኞችና የሠልጣኞች እንደራሴዎች በድምፅ ይሳተፉ። በየዓመቱ ስንት እንደ ገቡ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደ ወጡ፣ ያቋረጡት ለምን እንዳቋረጡ፣ ከጨረሱት መካከልም ስንቶቹ በሙያቸው ሥራ እንዳገኙ ለሕዝብ ይገለጽ። ሒሳቡን ለነዋሪው የማያሳይ ተቋም የነዋሪው ነው ሊባል አይችልም።

ኮሌጁ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በበሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ አይገኝም። መልሱ የሚገኘው የታክሲ ሒሳብ ያጣው ወጣት በመዝገብ ላይ ከመሰረዙ በፊት ማን እንደ ፈለገው፣ ልጃገረዲቱ ልብስዋን የምትቀይርበትን ክፍል ማን እንደ ጠየቀላት፣ የስፌት ሠራተኛዋ ማታ የምትማርበትን ሰዓት ማን እንዳስከበረላት በመመልከት ነው። ስለዚህ በቅርቡ በሚደረገው የማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ በአጀንዳችሁ ውስጥ አንድ ነጥብ ጨምሩ፤ በአካባቢያችን ያለው ኮሌጅ ከእኛ ምን ይፈልጋል፣ እኛስ ከእርሱ ምን እንጠይቃለን የሚል። ጠያቂ ያለው ተቋም ባለቤት አለው።